ለደቻቱ ዳር ጎረቤቶቻችን፦ ስለ ልጆቹ የምስጋና መልእክት

በር ከፍታችሁ ላሳደራችሁ፣ ለዕድሩ ሽማግሌዎች፣ ለባጃጅ ሾፌሮች፣ ለሰፈሩ ጎረምሶች፤

ጎርፉ የወረደ ሌሊት የሰው ነፍስ አልጠፋም። አልሐምዱሊላህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ብርድ ልብሱና ስለ ዱቄቱ ዕድሩ ለየብቻ አመስግኗል። የእኛ ምስጋና ልጆቹ በዚያ ሌሊት ከእናንተ ስላዩት ነው። የሰፈሩ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ነንና ልጅ ከማን ምን እንደሚቀዳ ማየት ሥራችን ነው።

የድሬዳዋው ወንዛችን ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ ገበያተኛ ይሻገርበታል። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ በደንገጎ በኩል ደጋው ላይ የዘነበው ድንገት ይደርሳል። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ስለዚህ በየቤቱ «ዝም በል፣ ደቻቱ ይወስድሃል» የሚል ማስፈራሪያ አለ። ይህን ቃል ከቤታችሁ ያስወጣችሁ ወላጆች ቀድማችሁ ተመስገኑ። በማስፈራሪያ ያደገ ልጅ ውሃው ሲያጓራ አልጋ ሥር ይገባል፤ እዚያ ደግሞ ማን ያገኘዋል? እናንተ በበጋ፣ በቀን፣ እጁን ይዛችሁ እስከ ከፍታው ድረስ ሁለት ሦስት ጊዜ አስኬዳችሁት ነበር። በጨለማው መንገዱን እግሩ አወቀው።

ገመድ ያመጣኸው ጋሪ ነጂ፣ እጅህ ይባረክ። ገመዱ ላይ በየአንድ ክንድ ርቀት አንድ ቋጠሮ፣ ለአንድ ልጅ አንድ የሚይዘው ቋጠሮ፤ ከፊትና ከኋላ ትልቅ ሰው፣ ትንንሾቹ መሀል። ወገባቸው ላይ አላሰርከውም፤ አንዱ ቢወድቅ ሌሎቹን ይጎትት ነበርና። አቋራጩ ጋ ስትደርሱ ጎረምሶቹ «ውሃው ትንሽ ናት፣ እንሻገር» አሉ። «አንሻገርም፣ በላይ እንዙር» ያልሽው እናት ልክ ነበርሽ። 15 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ትልቅ ሰው ሊጥል ይችላል፤ በጨለማ ደግሞ ጥልቀቱም፣ ከሥሩ ያለው ጉድጓድም አይታይም። ልጆቹ ያን ሌሊት ያዩት ጀግና «አንሻገርም» ያልሽውን አንቺን ነው።

ከፊት የነበርከው ወጣት «እኔም ፈርቻለሁ፣ ግን ገመዱን አልለቅም» ስትል ሰምተውሃል። «ወንድ ልጅ አይፈራም» የተባለ ልጅ ፍርሃቱን ይደብቃል፤ ጫማው ቢወልቅም እግሩ ቢቆረጥም አይናገርም፣ ከሰልፉም ሲቀር የሚያውቅለት የለም። ፍርሃቱን እንዲናገር የተፈቀደለት ግን ይጮሃል፣ ይደረስለታል። ለዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ቆጠራውን መስጠታችሁም በጣም ጥሩ ነበር። በየማረፊያው ጮክ ብላ ቆጠረች፤ እያለቀሰች ነበር፣ ቁጥሩን ግን አልሳተችም።

ስለ አክብሮት ደግሞ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው የእኛ ልጆች ሽማግሌውን «አንተ» ሲሉ ይደነግጣል። እዚህ አንቱታ ብዙም አልተለመደም፤ አክብሮቱ ያለው በእጅና በጉልበት ነው። ልጅ ይነሣል፣ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ ውሃ ሲያስታጥብ ከትልቅ ይጀምራል። ይህን በቃል ብንነግራቸው ግማሹ ይጠፋል። ያን ሌሊት ግን አንዱ ጎረምሳ አሮጊቷ ፊት ቁጢጥ ብሎ «እማማ፣ ልዘልሽ?» አለ። «ምርኩዜን» አለች። ውሃው እየቀረበ ነው፣ እሱ ግን እንደ ጆንያ አፈፍ አላደረጋትም። ምርኩዟን ፈልጎ ለአንድ ትንሽ ልጅ ሰጠ፣ ነጠላዋን አስተካከለላት፣ ከዚያ አዘላት። ልጁ ምርኩዙን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ አቅፎ እስከ ላይ ወጣ። ሲደርስ ያስረከባት ጎንበስ ብሎ ነው፤ ማንም አላዘዘውም።

ዳቦ ሲታደል ልጅ ገፍትረህ ያለፍከው ሰውዬ፣ አንተንም እናመሰግናለን። ስምህን አንጠራም። ተመልሰህ፣ ቁመትህን አሳጥረህ፣ «አቦ፣ ይቅርታ፣ አጥፍቻለሁ» አልከው። ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ ሲጠይቅ ሰፈሩ ብዙ ጊዜ አያይም።

አሁን የሚቀረው። ልጆቹ ጥቂት ሳምንት ዝናብ ሲሰሙ ይባንናሉ፣ አንዳንዱ አልጋ ላይ ይሸናል፣ በድንጋይና በአሸዋ የጎርፍ ጨዋታ ይጫወታሉ። ለሽንቱ አትቆጡ፣ ጨዋታውንም አትከልክሉ፤ ፍርሃታቸውን የሚያስወጡት በእሱ ነው። ከዚህ በፊት በጎርፍ የሞቱ ሰዎችን ወሬ ቡና ላይ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ አታውሩ። ከወር በላይ ካልተኛ፣ ካልበላ ወይም መናገር ካቆመ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ገመዱ ዕድሩ ግቢ ተሰቅሏል። ሁለት ቋጠሮ ላልቷል፤ ክረምት ሳይገባ የሚያጠብቀው ሰው እንፈልጋለን።