ግቢውን ከነተከራዮቹ ገዛሁት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቤት ኪራይ ስትጽፉ የማነበው ሁሌ የአከራይና የተከራይ ነገር ነው። ቤቱ መሃል ላይ ሲሸጥስ?

ዘንድሮ ኮልፌ አካባቢ አንድ ግቢ ገዛሁ። ዋናው ቤት ባዶ ነው፣ ከኋላ ያሉት ሦስት ሰርቪሶች ግን ሰው አለባቸው። ደላላው «ምን ችግር አለው፣ ኪራዩ ራሱ የባንክ ዕዳህን ይገፋልሃል» አለኝ። ሻጩም እያንዳንዱ ክፍል 4,500 ብር እንደሚከፈልበት ነገረኝ፣ በቃሉ። እኔ ካርታውን ሳገላብጥ፣ ዕዳና እገዳ ሳጣራ የተከራዮቹን ውል ልየው ማለት ትዝም አላለኝ።

ስሙ ከዞረልኝ በኋላ፣ ወር ሲሞላ የመጀመሪያውን በር አንኳኳሁ። እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት ናቸው። «ልጄ፣ ከፍያለሁ እኮ» ብለው ከፍራሹ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። በየወሩ የሻጩ ፊርማ አለበት። የመጨረሻው የሁለት ወር ቅድሚያ የተቀበለበት ነው፣ ቤቱን ሊሸጥልኝ አሥር ቀን ሲቀረው። እንግዲህ እኚህን ሴትዮ ድገሙ ልበላቸው?

ሁለተኛው ተከራይ ወረዳ የተመዘገበ ውል ይዞ ወጣ። 3,000 ይላል። በእጁ 4,500 ይከፍል እንደነበር አልካደም፣ ሻጩ ግብሩን ፈርቶ አሳንሶ ያስመዘገበው ነው። «ካሁን በኋላ ግን በወረቀቱ ነው የምከፍለው» አለኝ። በገንኩ። ግን ልጁ እውነቱን ነው፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ጭማሪውም በዓመት አንዴ በሚታወጀው ልክ ብቻ ይሁን ይላል። ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈል ይላል፣ የኛ ግቢ ግን በደብተር ነበር የሚሠራው። ሦስተኛው ተከራይ አላስቸገረኝም።

የምለው ይሄን ነው፦ ውልና ማስረጃ ካርታ እንደሚጠይቀው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ተከራይ ካለ የተመዘገበውን የኪራይ ውልም ይጠይቅ፣ ሻጩ ቀድሞ የበላው ኪራይም ከሽያጩ ዋጋ ላይ ይነሳ። ቤት ልትገዙ ያሰባችሁም ቀብድ ሳትከፍሉ በየበሩ ሄዳችሁ ተከራዮቹን ራሳችሁ አናግሩ፣ ደላላው ሳይኖር።

የእናትየዋን ሁለት ወር ትቼዋለሁ። ሻጩ ስልኬን አያነሳም።

አንድ ቤት ገዢ፣ ከአዲስ አበባ