የበረራ ርቀት በማስመሪያ አይለካም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በጉዞ ዓምዳችሁ ስለ በረራ ሰዓት አሰላል የወጣው ጽሑፍ፣ ርቀቱ ከካርታ ላይ በማስመሪያ ተለክቶ ለ900 እንዲካፈል ይመክራል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር መባሉ አይከፋም፤ ትልልቅ ጄቶች ከፍታ ከያዙ በኋላ ፍጥነታቸው እዚያው አካባቢ ነው። ችግሩ ሌላው ነው።

ጠፍጣፋ ካርታ ወደ ዋልታዎቹ በቀረበ ቁጥር ምድሩን ይለጥጠዋል። ከለንደን ሂትሮው እስከ ኒውዮርክ ጄኤፍኬ በመርኬተር ካርታ (በተለመደው አራት ማዕዘን የዓለም ካርታ) ላይ የተሰመረን ቀጥ ያለ መስመር ተከትሎ የሚበር 5,760 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አጭሩ መንገድ በካርታው ላይ ወደ ሰሜን ጎብጦ ይታያል፤ ግን 220 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀንሳል።

አሰላሉ ይኸውና። የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን (ካልኩሌተሩ ላይ sin) እርስ በርስ አባዙ። ለብቻው ደግሞ ኮሳይኖቻቸውን (cos) አባዝታችሁ፣ ውጤቱን በኬንትሮሶቹ ልዩነት ኮሳይን አባዙት። ሁለቱን ደምሩ። ድምሩ የአንድ ማዕዘን ኮሳይን ነው፤ ማዕዘኑን በካልኩሌተሩ cos⁻¹ ታገኙታላችሁ፤ የማዕዘኑ እያንዳንዱ ዲግሪ 111.2 ኪሎ ሜትር ነው። ሂትሮው 51.47 ሰሜን፣ 0.45 ምዕራብ፤ ጄኤፍኬ 40.64 ሰሜን፣ 73.78 ምዕራብ። ድምሩ 0.6451፣ ማዕዘኑ 49.83 ዲግሪ፣ ርቀቱ 5,541 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ምድር ፍጹም ሉል ስላልሆነች ትክክለኛው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ለመንገደኛ ከቁብ አይገባም።

ስህተት የሚበዛው ቁጥር ሲገባ ነው። 40 ዲግሪ ከ38 ደቂቃ ማለት 40.38 አይደለም፤ 38 ለ60 ይካፈልና 40.63 ይሆናል። አንዱ ቦታ ምሥራቅ ሌላው ምዕራብ ከሆነ ኬንትሮሶቹ ይደመራሉ። ካልኩሌተሩ ከዲግሪ ይልቅ ራዲያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ተረስቶ ከሆነማ የሚወጣው ቁጥር ራሱ ያስቃል።

በጽሑፉ «በመሄጃው ነፋስ የወሰደውን መመለሻው ይመልሳል» መባሉም ልክ አይደለም። 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚነፍስ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ያው መንገድ 6 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከኋላ ሲገፋ 5 ሰዓት ከ32። ደርሶ መልሱ 12 ሰዓት ከ28 ሆነ፤ ነፋስ ባይኖር 12 ሰዓት ከ19 ነበር። አውሮፕላኑ ከነፋሱ ጋር የሚታገልበት ጊዜ ከሚታገዝበት ይረዝማልና።

ቲኬት ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ከአንዱ አውሮፕላን ማረፊያ በር እስከ ሌላው በር ነው። መንገዱ ስለማይቀና ርቀቱ ላይ 3 በመቶ፣ ለመሬት ላይ መንደርደር፣ ለመውጣትና ለመውረድ 50 ደቂቃ ጨምሩ። ያ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ወደ ኒውዮርክ 8 ሰዓት ያህል ይሞላል። ከለንደን 11:00 የተነሳ፣ በለንደን ሰዓት 19:00፣ በኒውዮርክ ሰዓት 14:00 ይደርሳል። ይህ ግን ልዩነቱ 5 ሰዓት ሲሆን ነው። አሜሪካ ሰዓቷን በማርች ሁለተኛ እሑድ፣ እንግሊዝ በወሩ የመጨረሻ እሑድ ስለሚቀይሩ፣ በመካከሉ ባሉት ሳምንታት ልዩነቱ 4 ነው፤ ያው በረራ በኒውዮርክ ሰዓት 15:00 ይገባል።

ከአክብሮት ጋር
አንባቢያችሁ