ለልጄ፣ ስለዚያ መርፌ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ደሴ ብርዱ በርትቷል፤ ጦሳ እስከ ረፋድ ጉሙን አይገልጥም።

ለሰርጉ የመጣሽ ዕለት ጎረቤቱ ሁሉ «ኮምቦልቻ ተስማምቷታል፣ ፊቷ ሞላ» ሲል ሰምተሻል። እናትሽም ደስ ብሏት ነበር። እኔ ግን ቡና ስታቀርቢ እጅሽን አየሁት። ክንድሽ እንደ ድሮው ቀጭን ነው። የሞላው ፊትሽ ብቻ ነው። ነገሩ አልገባኝም። ለእናትሽ ማታ የነገርሻትን አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነገረችኝ። አትቆጪያት። ለወገብሽ ሕመም ብለሽ ከመስከረም ጀምሮ በየሳምንቱ «ዴክሳና ዲክሎ»፣ ማለትም ዴክሳሜታዞንና ዲክሎፌናክ የሚባለውን ማስታገሻ፣ ስትወጊ ከርመሻል አሉ። ቀኑን ሙሉ ማሽን ፊት ቆመሽ እየዋልሽ ወገብሽን ባያምሽ ነበር የሚገርመኝ። ደውዬ ብናገር ድምፄ ይጮሃል፤ አንቺም «እሺ አባዬ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። መጻፍ ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ።

ከራሴ ልጀምር። ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ጥቅምት ላይ ግራ ጉልበቴን ተወግቻለሁ። 30 ዓመት የሐረጎን ዳገት በመኪና ስወጣና ስወርድ ፍሪሲዮን የረገጥኩበት ጉልበት ነው፤ መስገጃ ላይ መታጠፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ በአዮዲን አሻሸው። በባዶ ሲሪንጅ ቢጫ ፈሳሽ ቀዳ፤ የምግብ ዘይት ነው የሚመስለው። ቀጥሎ መድኃኒቱን አነሳ። እንደ ወተት ነጭ ነው፤ ብልቃጡን ሲነቀንቀው ከታች የተኛው ይነሳል። ምንድነው ብዬ ስጠይቀው «ሜቲልፕሬድኒሶሎን፣ 40 ሚሊግራም» አለኝ። ወረቀት ላይ አጽፌ ኪሴ ከተትኩት።

የመጀመሪያው ሌሊት ከበፊቱ ባሰኝ። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ነግሮኝ ስለነበር በቀዝቃዛ ጨርቅ ይዤው አደርኩ። በሦስተኛው ቀን ለቀቀኝ። ሰው ሆንኩ። ዋናውን ነገር ግን ደብቄዋለሁ፤ ስኳር እንዳለብኝ አልነገርኩትም። እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም እንዳይከለክለኝ ዝም አልኩ። በማግስቱ ስለካው፣ ሌላ ጊዜ ከ150 የማያልፈው ስኳሬ 347 ሆኖ ቁጭ አለ። ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ መርፌውን ቀይሬ እናትሽን ለካኋት። የእሷ 96! እስካሁን ትስቅብኛለች።

ወደ ስኳር ክትትሌ ሄድኩ። ነርሷ ቁጥሩን አይታ «አባባ፣ ሰሞኑን መርፌ ተወግተዋል እንዴ?» አለችኝ። ጉልበት ላይ ቢወጋም ከፊሉ ወደ ደም ይገባል፤ ጉበት ስኳር እንዲለቅ ያደርጋል አለችኝ። ቶሎ ቶሎ እንድለካ፣ የኪኒኔን መጠን ግን በራሴ እንዳልጨምር አስጠነቀቀችኝ። ሳምንት ገደማ ፈጅቶ ወረደ።

ያን ቀን ነው ስለነዚህ መድኃኒቶች ያስረዳችኝ። ከኩላሊታችን በላይ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። ኮርቲሶል የሚባል ነገር ይሠራሉ፤ የደም ግፊታችን፣ ስኳራችን፣ ሕመምን የምንቋቋምበት አቅም ሁሉ በእሱ ነው። የእኔው ነጩም ያንቺው ዴክሳም የእሱ ዘመዶች ናቸው። ያንቺው እንደ ውሃ የጠራ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። አይደለም። አንድ የ4 ሚሊግራም ዴክሳ ሰውነትሽ በቀን ከሚሠራው ብዙ እጥፍ ጉልበት አለው። ይህ ከውጭ በየሳምንቱ ሲመጣለት ዕጢው ሥራ ይፈታል። ፊት የሚሞላውም፣ እንቅልፍ እምቢ የሚለውም፣ ቆዳ በትንሽ ነገር የሚበልዘውም ከዚህ ነው።

አሁን «በቃ ከነገ ጀምሮ እንዳትወጊ» የምል መስሎሻል። ልልሽ ነበር፤ ያስቆመኝ ነርሷ የነገረችኝ ነው። ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በድንገት ካቆመ፣ የተኛው ዕጢ ቶሎ አይነቃም። ሰው ይዝላል፣ ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ማቆሙንም መቀጠሉንም ሐኪም ይወስን። ምናልባት ደምሽን መርምሮ መጠኑን ቀስ በቀስ ይቀንስልሽ ይሆናል። ወደዚያው ክሊኒክ ተመልሰሽ ግን «የተለመደውን ስጡኝ» እንዳትዪ።

ሌላው ጨጓራሽ ነው። ዲክሎ ብቻውን ጨጓራ ይልጣል፤ ከዴክሳ ጋር ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሰገራሽ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለስሽ የእኔን መምጣት አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ። ያ መዛልና ማስመለስ ከመጣብሽም እንደዚሁ። ትኩሳትንም አትናቂ። ይህ መድኃኒት ኢንፌክሽን ይሸፍናል፤ የተኛ ቲቢም ሊቀሰቅስ ይችላል። ሳል ካለሽ ተናገሪ። እርግዝና ካለም ለሐኪሙ ይነገር፤ እሱን እናትሽ ትጠይቅሽ፣ እኔ የለሁበትም።

መድኃኒቱን ግን እንዳትጠይው። ሰኔ 2012 ላይ፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ሬዲዮው ሁሉ ስለ ዴክሳ ሲያወራ ትዝ ይልሽ ይሆናል። እንግሊዝ አገር በተደረገው ጥናት በመተንፈሻ ማሽን ላይ ከነበሩት በሽተኞች የሚሞተውን በሲሶ ያህል ቀንሷል። ኦክስጅን ለማያስፈልጋቸው ግን ምንም አልፈየደም። ያው አንዱ ዴክሳ ነው እንግዲህ። ያንቺን ወገብ «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የመረመረው ሰው አለ? እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። አራት ወር ሙሉ መርፌ እንጂ ምርመራ አላየሽም።

የመኪናዬን ደብተር ታውቂዋለሽ፣ ዘይት የተቀየረበትን ቀንና ኪሎሜትር የምጽፍበትን። መኪናው ቢሸጥም ደብተሩ አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ጥቅምት 12፣ ግራ ጉልበት፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን 40፣ ስኳር 347» ይላል። ታኅሣሥ ላይ ሕመሙ ብቅ ሲል «ልድገመው» ብዬ ተነስቼ ነበር። ደብተሩን ገልጬ ብቆጥር ሦስት ወር አልሞላም። አንድ መገጣጠሚያ በዓመት ከሦስት አራት ጊዜ በላይ አይወጋም፤ በመሃልም ቢያንስ ሦስት ወር ይለፈው ብሎኝ ነበር ሐኪሙ፤ ሲደጋገም የመገጣጠሚያውን ልም አጥንት ይጎዳል። ቁጭ አልኩ። ከዘራ ገዛሁ። እናትሽ ሽማግሌ አስመሰለህ ትላለች።

አንቺም ጻፊ። መቼ መቼ እንደተወጋሽ፣ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ። የማታውቂውን ክሊኒኩ ሄደሽ ከካርድሽ አስገልብጪ፤ መብትሽ ነው። አባትሽ ስኳር እንዳለበትም ከላይ አስፍሪው። ለሌላ ሕመም ብትሄጂ፣ ጥርስሽን ብታስነቅዪ፣ ክትባት ብትወስጂ፣ እግዜር አያድርገውና ቀዶ ሕክምና ቢመጣ እንኳ ያንን ወረቀት ቀድመሽ አሳዪ።

ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። ሥራ እንዳትገቢ፣ ፈቃድ ጠይቂ። አብረን ሆስፒታል እንሄዳለን፤ ሰልፉን እኔ እይዛለሁ። እናትሽ ድርቆሽ ልካለች። መናኸሪያ ጠብቂኝ። ጉልበቴን ልዘረጋ ከፊት እቀመጣለሁ፤ ሐረጎን ሌላ ሰው ሲነዳው እያየሁ እግሬ በባዶው ፍሬን መርገጡ አይቀርም።

አባትሽ