የአላታ ድልድይ ቆሞ ሳለ እንድረስለት

ለጢስ ዓባይ አካባቢ ተወላጆችና ለወዳጆቻችን ሁሉ፤

ፏፏቴውን ለማየት የመጣ እንግዳ የአላታን ድልድይ ፎቶግራፍ አንስቶ ያልፋል። ለእኛ ግን የገበያ፣ የለቅሶና የሠርግ መንገዳችን ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1620ዎቹ፣ ከድንጋይና ከኖራ ተሠርቶ ይኸው እስከ ዛሬ ሰውና አህያ ያሻግራል።

ድልድይ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ ሩቅ ሄደን አንጠይቅም። ከእኛ በታች በሞጣ በኩል ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ዘመን ቅስቱ ከተቆረጠ በኋላ፣ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከወዲያና ከወዲህ በቆሙ ጎረምሶች እየተጎተተ ገደሉን ይሻገር ነበር። ይህ ለአሥርት ዓመታት ቆየ! በ2002 እ.ኤ.አ. ቢጠገንም በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ተንጠልጣይ ድልድይ መሥራት ግድ ሆነ። የቆመን መጠገን ከዚህ ሁሉ ይቀላል።

በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ የበቀለ ቁጥቋጦ ሥሩን እየሰደደ ድንጋይ ያላቅቃል፤ ክረምቱም ኖራውን ያጥባል። ቁጥቋጦው በጥንቃቄ መነቀል፣ ክፍተቱም እንደገና በኖራ መሞላት አለበት። «በሲሚንቶ ይለሰንና ይገላገል» የሚሉ ወገኖቻችን በቅንነት ነው የሚናገሩት። ነገር ግን ሲሚንቶ ከአሮጌው ኖራ ይልቅ ስለሚጠነክር እርጥበቱን ውስጥ አፍኖ ውሎ አድሮ ድንጋዩን ይጎዳል። ስለዚህ ኖራ ነው የምንገዛው፤ እሱም በውሃ ርሶ ጉድጓድ ውስጥ ሰንብቶ ለሥራ የሚደርስ በመሆኑ ገንዘቡ ቀደም ብሎ ያስፈልገናል። ዝናብ ሳይጥል፣ በበጋው ወራት መሠራት አለበት።

ድልድዩ ቅርስ ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ አንድ ድንጋይ አንነካም። የመጀመሪያው መዋጮ የሚውለው ለባለሙያ ጥናት ነው፤ የቀረው ለኖራ፣ ለአሸዋና ለግንበኞች ደመወዝ። ወጪና ገቢው በየወሩ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ ነው።

በአሜሪካ፣ በእስራኤልም ሆነ በዓረብ አገር ያላችሁ ልጆቻችን፣ የባንክ ሒሳቡን ከምታውቋቸው የኮሚቴ አባላት ብቻ ተቀበሉ፤ ደረሰኝም ጠይቁ። እዚህ ያለን ደግሞ አህያ ያለው አሸዋ ያጓጉዝ፣ ጉልበት ያለው በደቦው ቀን ይምጣ፤ እናቶች ለሠራተኛው ጠላና እንጀራ ያሰናዱ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉ፤ የአንድ ኩንታል ኖራ ዋጋ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።