ስለ ጓሮው ሾላና ስለ እንግዶቹ ወፎች

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እናትሽም ሰላም ብላሻለች። ከጓሮ ያለው ሾላ ተቆርጦ በቦታው የሚከራዩ ክፍሎች ይሠሩ ማለትሽን ወንድምሽ ነግሮኛል። ለቤቱ ገቢ ማሰብሽ ደስ ያሰኘኛል፤ ነገር ግን ከመወሰናችን በፊት በዚያ ዛፍ ላይ የማየውን ልጽፍልሽ ወደድሁ።

ሾላው ፍሬው ሲበስል ትናንሽ አረንጓዴ በቀቀኖች ይመጡበታል። በቀቀን የሩቅ አገር ወፍ እየመሰለን ስለኖርን፣ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ያውም ከገዛ ግቢያችን፣ ይገኛል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። እነዚህ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋማ አገሮች በቀር በዱር ሌላ መኖሪያ የሌላቸው ናቸው። የወንዱም የሴቷም ምንቃር ቀይ ነው፤ ወንዱ ግንባሩና የዓይኑ ዙሪያም ቀይ ሲሆን፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከሥሩ ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ሴቷ ራሷ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከቅጠሉ ጋር አንድ ስለሚሆኑ ዓይን ቶሎ አይለያቸውም፤ የሚያጋልጣቸው ከላይ የሚረግፈው የተፈረፈረ የሾላ ልጣጭ ነው። ልጣጩ ከሚወድቅበት ሥር ቆመሽ ቀና ብትዪ፣ በሁለት ጣት ከፊት፣ በሁለት ጣት ከኋላ ቅርንጫፉን ጨብጦ፣ አንዳንዴም ቁልቁል ተንጠልጥሎ ፍሬውን የሚፈለቅቅ ታገኛለሽ።

ዛፉ ቢቆረጥ የሚጎድልባቸው ምግብ ብቻ አይደለም። እነዚህ ወፎች የሚያድሩትም የሚፈለፍሉትም በዛፍ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ የእኛ ሾላ ደግሞ ትልቁ ቅርንጫፍ በተገነጠለበት በኩል እንዲህ ያለ ጎድጓዳ አለው። በምትኩ ችግኝ ብንተክል እንኳ፣ ግንዱ አርጅቶ ለወፍ ማደሪያ እስኪሆን ድረስ የአንድ ሰው ዕድሜ ይፈልጋል።

ፍሬ የማይበሉትንም የሚጠራቸው ይኸው ዛፍ ነው። የሾላ አበባ ከፍሬው ውስጥ ተደብቆ የሚገኝ ሲሆን፣ የሚያዳቅለውም በፍሬው ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ የምትገባ ደቃቃ ተርብ ናት። ፍሬው ሲበስል ሌላም በራሪ ነፍሳት ይሰበሰባል፤ ያን ጊዜ ራሱ ጥቁር፣ ጀርባው ቀላ ያለ ቡናማ፣ ጅራቱ ከገላው የሚረዝም አንድ ወፍ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየተወረወረ ነፍሳቱን በአየር ላይ ይለቅማል። እንዲህ ያለ ጅራት ይዞ በዚያ ሁሉ ቅጠል መካከል መታጠፉ አሁንም ይገርመኛል።

የመስቀል ወፍ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ከሩቅ የምትመጣ እየተባለ ይነገራል። በእኛ አጥር ጥግ ባለው ረጅም ሣር ላይ በክረምት ማብቂያ ደምቀው የሚታዩት ግን ከሩቅ የመጡ አይደሉም። ወንዶቹ ለመራቢያቸው ወቅት ላባቸውን ይለውጣሉ፤ በበጋ ሴቶቹን መስለው፣ ከድንቢጥ ጋር ተቀላቅለው በደጃችን ሲለቅሙ ማንም ልብ አይላቸውም። ከሩቅ የምትመጣው፣ በሐይቁ ዳር ከብቶቹን እየተከተለች ጅራቷን የምትነቀንቀው ሆደ ቢጫዪቱ ናት፤ በመስከረም ከአውሮፓና ከእስያ ተነሥታ ትመጣና በልግ ሲደርስ ወደዚያው ትመለሳለች።

ስለዚህ ክፍሎቹን በመንገዱ በኩል፣ አሮጌው ማድቤት ባለበት ቦታ እንሥራቸው። ቦታው ጠበብ ቢልም ለውኃውም ለመብራቱም የቀረበ ነው፤ ተከራዮቹም በራሳቸው በር ይገባሉ። ወደ ጣሪያው ያዘነበለውን ቅርንጫፍ ብቻ ፍሬው ካለቀ በኋላ አስቆርጠዋለሁ። አንቺም መስከረም ላይ ፈቃድ ወስደሽ ነይ፤ ስትመጪ ቢኖኩላር ከምታውቂው ሰው ተውሰሽ ያዢ፣ በቀቀኖቹ ጎድጓዳው ውስጥ መፈልፈል አለመፈልፈላቸውን ከኔ ዓይን ያንቺ ይሻላል።

አባትሽ