ፀሐይ ተመለሰች፤ ቤት የቀሩትስ?

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አሮጌ የጦር አውሮፕላኖቻችን በቅርስነት እንዲመዘገቡ ስለመጠየቅ

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ያደግኩት ቢሾፍቱ ነው። የቢሾፍቱ ልጅ ሰማዩ ሲያጓራ ቀና ማለት አያስፈልገውም፤ በድምፁ ብቻ “ሚግ 23 ናት” ይላል። ኳስ እየተጫወትን እንኳ እንወራረድ ነበር። አንዳንዶቻችን አድገንም አልተወንም። የዛሬ ሃምሳ እና ስልሳ ዓመት የበረሩትን እየፈለግን፣ ፎቶ እየለቀምን፣ የጅራት ቁጥር በደብተር እየጻፍን አለን። ሚስቴ ይሄን “የአንተ ነገር” ነው የምትለው። የምጽፍላችሁ ግን ስለ እኔ ነገር ብቻ አይደለም።

ጥር 2016 ላይ ጣሊያን “ፀሐይ”ን ስታስረክበን በጣም ደስ ብሎኛል። በ1928 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች ትንሽ አውሮፕላን ናት። ወራሪው ወሰዳት። ከዚያ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር ባለው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ቆየች። እኔን የሚከነክነኝ ታዲያ ምን መሰላችሁ? እንድትተርፍ ያደረጋት የወሰዳት ወገን መሆኑ ነው። ጣሪያ ሥር አስቀመጧት፣ ስሟን ጻፉላት፣ አቧራዋን ጠረጉላት። እዚህ ቀርታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንቀበላት አውሮፕላን ትኖር ነበር ወይ? እንጃ።

የፀሐይ ታሪክ ብቻውን የቆመ አይደለም። አየር ኃይላችን በ1940ዎቹ ከካናዳ ባሕር ኃይል ፋየርፍላይ የሚባሉ ባለ ፕሮፔለር ተዋጊዎችን ገዝቶ ነበር። ካናዳውያኑ በ1985 ዓ.ም. አካባቢ መጥተው ከቀሩት ውስጥ ፈልገው ወሰዱ። ከነዚያ አንዷ፣ መለያ ቁጥሯ ፒ.ፒ. 462፣ ዛሬ ካናዳ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ሽርወተር በሚባል የአቪዬሽን ሙዚየም ታድሳ ቆማለች። ከስዊድን የገዛነው ሳብ ቢ-17 የሚባል ቦምብ ጣይም አለ። በዓለም ላይ መብረር የሚችል አንድ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም ስዊድን ነው ያለው። የራሳችንን ታሪክ ለማየት ፓስፖርትና ቪዛ ያስፈልገናል ማለት ነው።

ስለ ስዊድን ካነሳሁ አይቀር ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘንን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሰውየው በጣሊያን ወረራ ጊዜ የቀይ መስቀል አውሮፕላን እያበረረ ቁስለኛ ያመላለሰ ነው። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ መጥቶ አየር ኃይላችንን እንደ አዲስ ካቋቋሙት ግንባር ቀደሙ ሆነ። ግንቦት 1939 ላይ ሳፊር የምትባለውን ትንሽ የማሠልጠኛ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አስነሥቶ፣ የትም ሳያርፍ አዲስ አበባ ድረስ አመጣት። ከ30 ሰዓት በላይ በረራ ነው። ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ። አንድ ሞተር ብቻ ባላት አውሮፕላን! እኔ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአውቶቡስ ስሄድ ወገቤ ይቆረጣል። ከዓመታት በኋላ፣ ሐምሌ 1969 ላይ፣ ለተቸገሩ ሰዎች እርዳታ እያደረሰ ሳለ ጎዴ ላይ በሶማሊያ ጦር ጥቃት ተገደለ። የቢሾፍቱ ካዴቶች በነዚያ ሳፊሮች ነው ክንፍ ያወጡት። ከመካከላቸው አንዷ እንኳ ጣሪያ ሥር ቆማ፣ ይሄ ታሪክ ከፊቷ በአማርኛ ተጽፎ ቢነበብ ምን ነበረበት?

ከሳፊር በኋላ የጀት ዘመን መጣ። ሴበር የምንላት አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊ ኤፍ-86 አለች። በ1958 ሌላዋ አሜሪካ ሠራሽ ተዋጊ ኤፍ-5 መጣች። በ1960 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ እንግሊዝ ሠራሽ ቦምብ ጣይ ካንቤራ ገዛን፤ አራት ብቻ። ለኛ ታድሰው የመጡት “ቢ.52” የሚል የራሳቸው መለያ ተሰጥቷቸዋል፤ የሌላ ሀገር ካንቤራ ይሄ ቁጥር የለውም። እንዲህ ያለ ነገር ለአድናቂ እንቅልፍ ይነሳል፤ ውጭ ያሉት ከኛ በላይ ያውቁታል። ስለ ኤፍ-5 ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አልነግርም። በ1969 እና 70 ኦጋዴን ሰማይ ላይ ከሶማሊያ ሚጎች ጋር የገጠመችው እሷ ናት። ጄኔራል ለገሰ ተፈራ ያበረሯት፣ ተመትተው ወድቀው ከአሥር ዓመት በላይ የሶማሊያ እስር ቤት የከረሙባት።

አንድ ጡረተኛ መካኒክ ጎረቤት አለኝ። እጁ ላይ የቀረ ጠባሳ ያሳየኛል፤ “ይሄ የሴበር ነው” ይለኛል፣ እንደ ዘመድ። አንድ ቀን አሮጌ አውሮፕላኖች የት ይደርሳሉ ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀና “ቁራሌውን ጠይቀው” አለኝ። ቀልድ ነው ብዬ ነበር። አልነበረም። አልሙኒየም በኪሎ ይሸጣል፣ ይቀልጣል፣ ድስት ይሆናል። ምናልባት አንዳችን ቤት ሽሮ የሚንተከተክበት ድስት አንድ ቀን ከድምፅ ጋር ሲሽቀዳደም የነበረ ክንፍ ይሆናል። ገና ያልቀለጠውም ቢሆን ደጅ ከከረመ አለቀለት። አልሙኒየም አይዝግም ይባላል እንጂ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይበላል። መስታወቱ ይደበዝዛል፣ ጎማው ይሰነጠቃል። ቀለም እየቀቡ ብቻ ማቆየት የትም አያደርስም። ያውም ከላይ ሲቀባ ዋናው የጅራት ቁጥር አብሮ ይጠፋል።

አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ቦታውን አልጠቅስም፣ መንገድ ዳር በሐውልት መልክ የቆመች አሮጌ ጀት አየሁና ስልኬን አወጣሁ። ጥበቃው ሮጦ መጣ። ፎቶውን አጥፋ አለኝ። አጠፋሁ። ሰውየው የታዘዘውን ነው የሠራው፣ አልተቀየምኩትም። ግን የጀቷ ርዝመት፣ ክብደት፣ ሞተር፣ ሁሉም በዓለም ያለ የአውሮፕላን መጽሐፍ ላይ ታትሟል። ከስልሳ ዓመት በኋላ ምን ምስጢር ቀርቷት ነው?

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ቅርስን ለማጥናትና ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የመመዝገብ ሥልጣን ሰጥቷችኋል። ሐውልትና ብራና እንደምትመዘግቡት ሁሉ እነዚህንም መዝግቡ። አየር ኃይሉ ግቢ ያለውም፣ በየአየር ማረፊያው ጥግ የወደቀውም፣ አደባባይ የቆመውም፤ ዓይነቱ፣ የጅራት ቁጥሩ፣ ያለበት ሁኔታ ተጽፎ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይውጣ። መመዝገብ ንብረቱን ከባለቤቱ አይቀማም፤ አየር ኃይሉ ንብረቱ አድርጎ ይቀጥላል። የሚለወጠው አንድ ነገር ነው፦ እናንተ ሳትጠየቁ ማንም ቆርጦ አይሸጠውም።

ሙዚየም ገንብታችሁ ስጡን አላልኩም። ገንዘብ እንደሌለ እናውቃለን። ለምዝገባው ደብተርና ካሜራ የያዘ ሰው ይበቃል። እኛ ደግሞ አለን፤ ቅዳሜና እሑድ በነፃ እንመጣለን፤ አንድ የፈቃድ ወረቀት ብቻ ጻፉልን። ከሁሉ በላይ የሚያስቸኩለኝ ግን ብረቱ አይደለም። ብረቱን የሚያውቁት ሰዎች ናቸው። የትኛዋ ካንቤራ የት እንደወደቀች፣ የትኛዋ ሳፊር ሞተሯ ለሌላ እንደተነቀለ በቃላቸው የያዙት መካኒኮች አሁን ሰማንያውን እያለፉ ነው። ጎረቤቴ ባለፈው ክረምት ታሞ ተኝቶ ነበር። ተሻለው። ማስታወሻው ላይ የአሥራ አንድ አውሮፕላን ቁጥር ጽፎልኛል፤ ሌላም አለ ብሎኛል፣ ግን የሚጠይቅ ሰው በወግ ሲመጣ ነው የምነግረው አለ። ከሰዓት በኋላ ከቤቱ አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ አየር ኃይል