ለልጄ፦ መብራት ሲጠፋ ገንዳው ምን ይሆናል?

ልጄ፣ እንደምን አለሽልኝ?

እናትሽ «ጣቶቿ ቢጫ ሆነዋል» ስትለኝ ወዲያው ገባኝ። መዳብ የሚበላውን ፈሳሽ፣ ፌሪክ ክሎራይዱን፣ ሳህን ላይ አድርገሽ፣ በእጅሽ እያወዛወዝሽ ነው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ የምትሠሪው። እኔም ሱቁን የከፈትኩ ሰሞን እንደዛው ነበርኩ፣ ስለዚህ አልቆጣሽም። ግን በዚያ አትቀጥዪ። ገንዳ ሥሪ።

ሳህኑ የሚያጠፋብሽን ልንገርሽ። ቦርዱ ላይ ያለው መዳብ አብዛኛውን ጊዜ 35 ማይክሮን ነው፣ ከወረቀት ይሳሳል። መዳቡን የነካው ፈሳሽ ይደክማል፣ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ እዚያው ተኝቶ አዲሱን አያስጠጋም። አንዱ ጥግ ያልቃል፣ ሌላው ገና ነው። ያልደረሰውን ስትጠብቂ፣ በደረሰው በኩል ፈሳሹ መስመሮቹን ከሸፈነው ቀለም ሥር በጎን እየገባ ቀጫጭን መስመሮችሽን ይበላቸዋል። ያ ባለፈው «ካውያው በደንብ አልያዘልኝም» ያልሽኝ መቆራረጥ፣ እኔ ካውያው አይመስለኝም።

ገንዳው ቀጭንና ቁመታም ይሁን፣ ቦርዱ ቆሞ እንዲገባ። ከውስጥ ርዝመቱ 25፣ ቁመቱ 25፣ ስፋቱ 3 ሴንቲ ይበቃል። እስከ 20 ሴንቲ ስትሞዪው አንድ ሊትር ተኩል ነው የሚይዘው። መስታወት ቤት ሄደሽ ባለ 4 ሚሊ አስቆርጪ፣ ጠርዙን በእርጥብ የአሸዋ ወረቀት አለስልሺው፣ አለዚያ እጅሽን ይቆርጥሻል። ማጣበቂያው ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ነው። ቢያንስ 24 ሰዓት አይነካ፣ እኔ ሁለት ቀን ነው የምተወው። ከዚያ ንጹህ ውሃ ሞልተሽ ጋዜጣ ላይ አሳድሪው። ጠዋት ጋዜጣው ደረቅ ካልሆነ ኬሚካል የሚባል ነገር አታስጠጊበት።

ለማንቀሳቀሻ የዓሳ ማሳደጊያ የአየር ፓምፕ ይሆናል። የቱቦውን ጫፍ ድፈኚ፣ ከገንዳው ሥር አጋድመሽ በሲሊኮን ያዢው፣ በጋለ መርፌ በየሴንቲው ብሺው። አረፋው በቦርዱ ፊት ሽቅብ ሲወጣ የደከመውን ፈሳሽ እየገፋ ይሄዳል። ብረት ግን ውስጡ አይግባ፣ አይዝግም የሚባለውንም ፌሪክ ይበላዋል። ቦርዱን በፕላስቲክ ቆንጥጪው።

አሁን ዋናው። የመጀመሪያውን ገንዳዬን እስከ አፉ ሞልቼ፣ ፓምፑን ከሥሩ መሬት ላይ አስቀምጬ ነበር። ሥራ ላይ እያለ መብራት ጠፋ። እኔም «ሲመጣ እቀጥላለሁ» ብዬ ቤቴ ገባሁ። ለካ አየሩ ሲቆም ፈሳሹ በቱቦው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ አንዴ ከአፉ ካለፈ ደግሞ ራሱን እየሳበ ይወርዳል። ጠዋት ፓምፑ ሞቶ፣ ገንዳው ባዶ ሊሆን ደርሶ፣ ፈሳሹ ወለሉን ሞልቶት ጠበቀኝ። ያ ትንሽ ሳለሽ «ካርታው» እያልሽ የምትጫወቺበት ቡናማ እድፍ የዚያን ቀን ነው። ስለዚህ ፓምፑን ከፈሳሹ በላይ መደርደሪያ ላይ አድርጊው፣ ከአፉ 5 ሴንቲ አጉድለሽ ተዪ፣ ቱቦው መሐል ደግሞ አየር ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ትንሽ ቫልቭ አስገቢ። ሦስቱንም።

ሙቀቱ 40 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ሥራው ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ እዚህ አዲስ አበባ በክረምት ቀዝቃዛውን ሳስገባው ግን ከእጥፍ በላይ ያስጠብቀኛል። አዳማ ሞቃት ስለሆነ አንቺ ገንዳውን ሙቅ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ብታቆሚው ይበቃሻል። የዓሳ ማሞቂያ ካስገባሽ ሶኬቱን ሳትነቅዪ እጅሽን አትክተቺ። ፌሪኩን ስትበጠብጪ ውሃው ይቅደም፣ ዱቄቱን በትንሽ በትንሹ ጨምሪ፣ ይግላል። ጓንት፣ መነጽር፣ የተከፈተ መስኮት። አሲድና ፐርኦክሳይድ ቀላቅዪ ፈጣን ነው የሚልሽ ይኖራል፣ እውነት ነው ፈጣን ነው፣ ግን ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። አራት ሰው በሚተኛበት ዶርም እንዳታስቢው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ጓሮ የነበረውን የእናትሽን ጌሾ ታስታውሺዋለሽ? ደርቆ የቀረውን? ያገለገለውን ፈሳሽ ሥሩ የደፋሁት እኔ ነኝ። መዳብ የሞላበት ፈሳሽ መሬት ላይ ምን እንደሚያደርግ አልጠየቅኩም፣ ከዓይኔ መራቁን ብቻ ነው የፈለግኩት። ለእሷ ትናንት ነገርኳት። ዝም አለች።

አንቺ ባንቧ ውስጥም አትድፊ፣ ብረቱን ይበላዋል፣ ውሃው የሚደርስበት ወንዝ ላይ ያለውን ዓሣም ይገድላል። በፕላስቲክ ጀሪካን አጠራቅሚ፣ ላዩ ላይ በትልቁ ጻፊበት፣ ውሃ የሚመስለው ሰው እንዳይኖር። ስመጣ አብረን የሶዳ ዱቄት በትንሽ በትንሹ እየጨመርንበት እናረጋዋለን፣ በጣም ስለሚያረፋ ሰፊ ባልዲ ያስፈልገናል። ከሥር የሚቀረውን ጭቃ ከሲሚንቶ ጋር አቡክተን እናደርቀዋለን።

ቫልቩንና ሁለት ሜትር ቱቦ ገዝቼልሻለሁ፣ ቅዳሜ አጎትሽ ያመጣልሻል። ከበርበሬው ጋር እንዳይነካካ ለብቻው ነው የጠቀለልኩት። የሲሊኮኑን ማጣበቅ ስትጨርሺ ፎቶ ላኪልኝ፣ ውሃ ሳትሞዪ በፊት ማዕዘኖቹን ልያቸው።

አባትሽ